መብራቱን ወደ መርፌው ማቅረብ

ለእህቴ ልጅ የመልስ ቀሚስ ጥልፉን የጀመርኩት ባለፈው ዓመት ኅዳር መግቢያ ላይ ነበር። ሠርጉ ለጥር የተቆረጠ በመሆኑ ሁለት ወር ሙሉ አለኝ ብዬ ተረጋግቼ ነበር፤ ይሁን እንጂ ቀኑን በሥራ ላይ ስለማሳልፍ ከመርፌና ከክር ጋር የምገናኘው እራት ቀርቦ ከተነሣ፣ ዕቃው ከታጠበና የልጆቹ የቤት ሥራ ከታየ በኋላ፣ ማለትም ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል ወዲያ ብቻ ነበር። እንዲህ ስሠራ ሰንብቼ አንድ ቅዳሜ ጠዋት የደረሰበትን ለማየት ቀሚሱን በረንዳው ላይ ዘርግቼ ስመለከት፣ ደረቱ ላይ ከሚወርደው መስቀል የግራው ክንፍ በወይን ጠጅ ክር፣ የቀኙ ክንፍ ደግሞ በጥቁር ቡናማ ክር ተጠልፎ አገኘሁት። ሦስት ምሽት የፈጀ ሥራ ነው። ማታ ማታ ሁለቱ ክሮች በእጄ ላይ አንድ መስለው ይታዩኝ ነበር፤ በጠዋቱ ፀሐይ ግን ልዩነታቸው ከበረንዳው ወዲያ ጫፍ ሆኖ ለሚያይ ሰው እንኳ ግልጽ ነበር።

ጥልፍ የሠራ ሰው እንደሚያውቀው ፈትል ላይ ያረፈን ክር መፍታት ከመጥለፍ ይልቅ ይከብዳል። ፈትሉ ለስላሳ ነው፤ መቀሱ በትንሹ ከሳተ ድሩን ይቆርጠዋል፤ ክሩ ከወጣ በኋላም መርፌው ያለፈባቸው ቀዳዳዎች እስኪደፈኑ ድረስ ጨርቁን በጥፍር ጫፍ እያሹ ማባበል ያስፈልጋል። ያን ቅዳሜና እሑድ ሙሉ ስፈታ ቆይቼ በልቤ የደረስኩበት መደምደሚያ አንድ ብቻ ነበር፤ ዓይኔ ደክሟል፣ የእናቴ ዕጣ ደርሶብኛል አልኩ።

እናቴ ጥልፍ የተወችው ሃምሳ ዓመት ሳይሞላት ነው። በወጣትነቷ ይርጋለም ሳለች ለጎረቤት ሙሽሮች የትራስ ልብስና የአልጋ ልብስ እየጠለፈች ትሰጥ ነበር፤ ሐዋሳ ከገባን በኋላም እኛን ስታሳድግ ማታ ማታ መርፌ ከእጇ አይጠፋም ነበር። ከዚያ አንድ ቀን «ዓይኔ እምቢ አለኝ፣ ከእንግዲህ በቃኝ» ብላ የክር ሳጥኗን ለእኔ ሰጠችኝ። ማናችንም አልተከራከርናትም፤ ዕድሜ ነው ብለን ተቀበልን። እኔም በ47 ዓመቴ ያንኑ ቃል ለራሴ ስናገረው በራሴ ጆሮ እንግዳ አልሆነብኝም።

የሆነው ሆኖ ዓይኔን ለመታየት ሄድኩ። የመረመረችኝ ወጣት ባለሙያ ከሁለት ዓመት በፊት የታዘዘልኝ የማንበቢያ መነጽር አሁንም ልክ መሆኑን፣ የዓይን ሞራ ምልክትም እንደሌለኝ ነገረችኝና መጨረሻ ላይ ያልጠበቅሁትን ጥያቄ ጠየቀችኝ፤ «ማታ ሲሠሩ መብራቱ ከየት በኩል ነው የሚመጣልዎት?» መልስ አልነበረኝም። ቤቱ ውስጥ መብራት አለ፣ በርቷል፣ ከዚያ በላይ አስቤበት አላውቅም ነበር። እሷ ግን ከአርባ ዓመት በኋላ የዓይን ሌንስ እየጠነከረ ስለሚሄድ ቅርብ ያለውን አጥርቶ ማየት እንደሚያዳግተው፣ ብሌኑም ከዕድሜ ጋር እየጠበበ ሌንሱም ቀስ በቀስ ወደ ቢጫነት እያደላ ስለሚሄድ ወደ ዓይናችን ውስጥ የሚገባው ብርሃን በየዓመቱ እንደሚቀንስ አስረዳችኝ። ስድሳ ዓመት የሞላው ሰው ሬቲና ላይ፣ ማለትም ብርሃን በሚቀበለው የዓይን የውስጥ ክፍል ላይ፣ የሚያርፈው ብርሃን፣ በዚያው ክፍል በዚያው መብራት ሥር ከተቀመጠ የሃያ ዓመት ወጣት ጋር ሲነጻጸር፣ ሲሶ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ በልጅነቴ የበቃኝ መብራት ዛሬ ባይበቃኝ ዓይኔ ታሟል ማለት አልነበረም። ይህን ሰምቼ ስወጣ በመጀመሪያ የታወሰችኝ እናቴ ነበረች።

እዚህ ላይ ስለ ሐዋሳ ምሽት ትንሽ ልበል። ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን ሰባት ዲግሪ ያህል ብቻ ስለምንርቅ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ የምትጠልቀው ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ 1 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ነው፤ ከጠለቀች በኋላም ድንግዝግዙ ግማሽ ሰዓት አይሞላም። ሐይቁ ከከተማው በስተ ምዕራብ በመሆኑ የመጨረሻው ብርሃን በውኃው ላይ አልፎ ይመጣል፤ ወደ ምዕራብ የሚያይ በረንዳ ያለው ሰው ከ11 ሰዓት ተኩል ጀምሮ ለአንድ ሰዓት ያህል ለጥልፍ የሚሆን ለስላሳና ጥላ የማያበዛ ብርሃን ያገኛል። ችግሩ ያ ሰዓት የሽንኩርት መክተፊያና የምጣድ መጣጃ ሰዓት መሆኑ ነው። እኔ የማውቃቸው ጠላፊ ሴቶች ሁሉ ለእጅ ሥራቸው የሚተርፋቸው ከጨለመ በኋላ ያለው ጊዜ ነው፤ የምሽት መብራት ነገር ይህን ያህል ያሳሰበኝም ለራሳችን የምንለው ሰዓት እርሱ ብቻ ስለሆነ ነው።

ሳሎናችን አራት ሜትር በሦስት ሜትር ተኩል ነው። አንድ አምፖል ከጣሪያው መሃል ተንጠልጥሏል፤ ሶፋው ደግሞ ግድግዳውን ተደግፎ ተቀምጧል። ልጄ ስልኬ ላይ የብርሃን መጠን የሚለካ መተግበሪያ ጫነልኝና ስልኩን በጭኔ ላይ፣ ልክ ጨርቁ በሚያርፍበት ቦታ አስቀምጬ ለካሁ። የስልክ መለኪያ የባለሙያ መሣሪያን ያህል ትክክል አይደለም፤ ቢሆንም አንዱን ቦታ ከሌላው ለማነጻጸር ይበቃል። ሶፋው ላይ 45 ሉክስ አሳየኝ፤ ሉክስ አንድ ቦታ ላይ የሚያርፈው ብርሃን የሚለካበት ነው። ወንበር ወስጄ ልክ ከአምፖሉ ሥር ስቀመጥ ወደ 70 ከፍ አለ፤ ነገር ግን እንደ ጠላፊ ጎንበስ ስል የራሴ ጥላ ጨርቁ ላይ ወድቆ ቁጥሩ ከ30 በታች ወረደ። ለማነጻጸር ያህል፣ በአውሮፓ ለሥራ ቦታዎች በወጣው የመብራት ደረጃ ለስፌት የሚጠየቀው 750 ሉክስ ነው፤ የተቀደደ ጨርቅ እንዳይታወቅ አድርጎ ለሚጠግን ሰው ደግሞ 1500። እኔ በ45 ሉክስ ድርና ማግ ልቆጥር ስታገል ነበር።

መጀመሪያ ያደረግሁት ማንም ሰው የሚያደርገውን ነው፤ የጣሪያውን አምፖል በትልቅ ቀየርኩት። ክፍሉ ደመቀ፣ ቴሌቪዥኑ ላይ ነጸብራቅ በዛ፣ ልጆቹ ዓይናችንን ወጋን አሉ፤ ጭኔ ላይ ግን ለውጡ ይህን ያህል አልነበረም። ምክንያቱ የገባኝ መብራት በጠፋበት በአንድ ምሽት፣ በሻማ ነው። የአንድ ሻማ ብርሃን በአንድ ሜትር ርቀት ላይ አንድ ሉክስ ያህል ነው። ርቀቱን በግማሽ ስንቀንሰው፣ ማለትም በ50 ሳንቲ ሜትር ላይ፣ ሁለት ሉክስ አይሆንም፤ አራት ይሆናል። አንድ ስንዝር ከምናምን፣ 25 ሳንቲ ሜትር ላይ ስናቀርበው አሥራ ስድስት ይደርሳል። ብርሃን እየራቀ ሲሄድ ወደ ጎንም ወደ ላይና ወደ ታችም ስለሚሰፋ በእጥፍ በራቀ ቁጥር አራት እጥፍ ይሳሳል። ስለዚህ ጣሪያ ላይ ያለን አምፖል በእጥፍ ከማሳደግ ይልቅ ትንሽ መብራት አውርዶ ከእጅ አጠገብ ማኖር እጅግ ይበልጣል። አያቶቻችን ኩራዙን ከመደብ ላይ አንሥተው ከእንዝርታቸው አጠገብ ሲያስጠጉት ይህን በልምድ ያውቁት ነበር፤ እኛ ግን መብራት ጣሪያ ላይ ከወጣ ወዲህ እዚያው መቅረት ያለበት መስሎን ተውነው።

ስለ ሻማ ካነሣሁ ዘንዳ፣ በዚህ ጉዳይ ላይ ካነበብኳቸው ነገሮች ሁሉ ይበልጥ የማረከኝን አንዱን ሳልናገር አላልፍም። ኤሌክትሪክ ከመምጣቱ በፊት በእንግሊዝና በፈረንሳይ የነበሩ ዳንቴል ሠሪ ሴቶች በክረምት ምሽት አንድ ቤት ይሰበሰቡና ከመሃል አንዲት ሻማ አቁመው በዙሪያዋ ውኃ የተሞሉ ድቡልቡል ጠርሙሶች ይደረድሩ ነበር። ሻማዋ ለአንድ ሰው እንኳ የማትበቃ ብትሆንም እያንዳንዱ ጠርሙስ እንደ አጉሊ መነጽር ሆኖ የሚደርሰውን ብርሃን ሰብስቦ በአንዲት ሴት ሥራ ላይ ያሳርፍላታል። ሆዱ ድቡልቡል፣ አንገቱ ረጅም ጠርሙስ ሲባል ወዲያው ወደ ሐሳቤ የመጣው የእኛው ብርሌ ነው። በቀጣዩ የመብራት መጥፋት ምሽት ከቁም ሣጥኑ አንድ ብርሌ አውጥቼ ንጹሕ ውኃ ሞላሁበትና ከሻማው አንድ ስንዝር ያህል አራቅሁት። ከብርሌው ማዶ፣ እንደገና አንድ ስንዝር ያህል ርቆ፣ የሲኒ አፍ የምታህል ደማቅ ክብ ጨርቄ ላይ አረፈች። ጨርቁን ወደፊትና ወደ ኋላ ሳንቀሳቅሰው ክቧ ትጠባለች፣ ትሰፋለች፤ በጣም ስትጠብ የሻማዋ ነበልባል ራሱ ተዘቅዝቆ ይታያል። በዚያች ክብ ውስጥ የፈትሉን እያንዳንዱን ክር አየሁ። ልጆቹ ከበቡኝ፣ እኔም ያን ምሽት በብርሌው ብርሃን አንድ ትንሽ ቅጠል ጠልፌ ጨረስኩ። ይህን የሚሞክር ሰው ካለ አንድ ነገር አደራ እላለሁ፤ ውኃ የያዘ ብርሌ ቀን ላይ ፀሐይ በሚገባበት መስኮት ዳር አይተው፤ የፀሐይን ጨረር በአንድ ነጥብ ሰብስቦ ጨርቅ ሊያቃጥል ይችላል።

ብርሌው ለየምሽቱ የሚሆን አልነበረም፤ ነገር ግን ብርሃን ሊሰበሰብና ሊመራ እንደሚችል አሳየኝ። በዚያው ሰሞን በሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ የምትሠራ የጎረቤታችን ልጅ ቡና ልትጠጣ መጥታ ነገሩን ሳጫውታት፣ የሚሰፉበት አዳራሽ ጣሪያው ሙሉ መብራት ሆኖ ሳለ እያንዳንዱ መኪና ከመርፌው ራስጌ የራሱ ትንሽ መብራት እንዳለው ነገረችኝ። «የላዩ መብራት ለመሄጃ ነው፣ የታቹ ለስፌት ነው» አለችኝ። ከዚህ የተሻለ ሊያስረዳኝ የቻለ ሰው አላገኘሁም።

ቀጥሎ የመጣው የቀለም ጉዳይ ነው፤ በእኔ ላይ የደረሰው ጉዳትም ከዚህ የመጣ ነበር። በ2000ዎቹ መጀመሪያ አሮጌውን አምፖል አስረክበን ቆጣቢ አምፖል የወሰድንበትን ጊዜ ብዙዎቻችን እናስታውሳለን። ያ አሮጌ አምፖል ኤሌክትሪክ ይበላ ነበር፣ ሲነኩት ያቃጥል ነበር፤ ነገር ግን ብርሃኑ ከጋለ ሽቦ የሚወጣ በመሆኑ ከቀይ እስከ ሰማያዊ ያሉት ቀለሞች ሳይቆራረጡ ይገኙበታል። የዛሬው ኤል ኢ ዲ የሚባለው አምፖል አሠራሩ ሌላ ነው። ነጭ የምንለው ኤል ኢ ዲ በመሠረቱ ሰማያዊ መብራት ነው፤ በላዩ የተቀባው ቢጫ ነገር ከሰማያዊው ብርሃን ከፊሉን ወደ ቢጫ ለውጦ ሲያወጣው ሁለቱ ተቀላቅለው ለዓይናችን ነጭ ይመስላሉ። ይህን ሰማያዊ መብራት ያስገኙት ሦስቱ ሊቃውንት፣ ኢሳሙ አካሳኪ፣ ሂሮሺ አማኖና ሹጂ ናካሙራ በ2014 እ.ኤ.አ. የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት ተሸልመውበታል፤ ይገባቸዋልም። ሆኖም በርካሹ አምፖል ውስጥ ጠለቅ ያለው ቀይ ብርሃን በጣም ትንሽ ነው። መብራቱ ውስጥ የሌለ ቀለም ደግሞ ከክሩ ላይ ተንጸባርቆ ሊመጣ አይችልም። ወይን ጠጁ ክር ቀይነቱን የሚያሳይበት ብርሃን ስላላገኘ ወደ ቡናማ ጠቆረ፤ እኔም ሁለቱን አንድ አድርጌ ጠለፍኳቸው። ቀይ፣ ወይን ጠጅና ብርቱካን ለሚበዛበት ለእኛ ጥልፍ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

የአምፖሎችን ካርቶን ማንበብ የጀመርኩት ከዚያ በኋላ ነው። ዋቱ የሚበላውን ኤሌክትሪክ እንጂ የሚሰጠውን ብርሃን አይናገርም፤ ብርሃኑን የሚናገረው ሉመን የሚለው ቁጥር ነው። ኬልቪን የሚለው ብርሃኑ ወደ ቢጫ ወይም ወደ ሰማያዊ ማድላቱን ይገልጻል፤ 2700 እንደ አሮጌው አምፖል ወደ ቢጫ የሚያደላ፣ 6500 እንደ ደመናማ ቀን የቀዘቀዘ ነጭ፣ 4000 ደግሞ በመካከል ያለ ነው። ለእኛ ለጠላፊዎች ከሁሉ የሚበልጠው ግን ሲ አር አይ የሚባለው፣ አንዳንዱ ካርቶን ላይ አር ኤ ተብሎ የሚጻፈው ቁጥር ነው፤ መብራቱ ቀለምን ምን ያህል በታማኝነት እንደሚያሳይ ከመቶ ይሰጠዋል። የጋለ ሽቦው አምፖል መቶ ሊባል ይችላል፤ ደህና የሚባለው ተራ ኤል ኢ ዲ 80 አካባቢ ነው፤ ጥልፍ ለሚሠራ ሰው 90ና ከዚያ በላይ ያስፈልገዋል።

ካርቶኑ ይህን ቁጥር የማይጽፍባቸው አምፖሎች ገበያው ላይ ብዙ ናቸው፤ የተጻፈውንም ሁልጊዜ ማመን አይቻልም። ስለዚህ ሁለቱን ክሮች፣ ወይን ጠጁንና ቡናማውን፣ በቦርሳዬ ይዤ ፒያሳ ወዳሉት የኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቆች ሄድኩ። በእኛ አገር ሻጩ አምፖል ሲሸጥ አብርቶ አሳይቶ መስጠቱ መልካም ልማድ ነው፤ እያንዳንዱ አምፖል ሲበራ ክሮቹን ከሥሩ አድርጌ ጎን ለጎን አየኋቸው። በአንዳንዱ ሥር ሁለቱም ጭቃ መሰሉ፤ በአንዳንዱ ጥቂት ተለያዩ። ሦስተኛው ሱቅ ውስጥ የነበረው ወጣት ሰባተኛውን አምፖል ካበራልኝ በኋላ ሳይሰለች «እናቴ፣ ሌላም ልሞክርልዎት?» አለኝ፤ ስምንተኛው ሲበራ ወይን ጠጁ ቀይ ሆኖ ተነሣ። ባለ 4000 ኬልቪን፣ ካርቶኑም ላይ ከ90 በላይ የተጻፈበት ነበር። ዋጋው ከተራው ይበልጣል፤ የሦስት ምሽት ሥራ ከመፍታት ግን ይረክሳል። በሱቁ ውስጥ እያለሁ በስልኬ ካሜራ አምፖሉን ቀርቤ አየሁት፤ ርካሾቹ በስክሪኑ ላይ ጥቁር መስመር እያወጡ ይንቀጠቀጡ ነበር፤ ይህኛው ግን አልተንቀጠቀጠም። ዓይን ባያየውም ይህ መርገብገብ አንዳንድ ሰው ላይ ራስ ምታትና የዓይን ድካም ያመጣል።

አምፖሉን የተከልኩት አንገቱ በሚታጠፍ የጠረጴዛ መብራት ላይ ነው። እኔ በቀኝ እጄ ስለምጠልፍ ከግራዬ በኩል፣ ከትከሻዬ ትንሽ ወደ ፊት ወጣ ብሎ፣ ከጨርቁ 40 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ እንዲል አደረግሁት፤ በቀኝ ቢሆን የእጄ ጥላ መርፌው የሚወርድበትን ቦታ ይሸፍነዋል። በግራ እጁ ለሚሠራ ሰው ተቃራኒው ነው። የመብራቱ ክዳን አምፖሉን ከዓይኔ እስኪሰውር ድረስ ዝቅ ብሏል፤ አምፖሉን በቀጥታ የሚያይ ዓይን ብሌኑን ስለሚያጠብ ጨርቁ ይጨልምበታል። በስልኩ ስለካው 800 ሉክስ አለፈ። የጣሪያውን መብራትም አላጠፋሁትም፤ ቀድሞ በነበረው ትንሽ አምፖል መልሼው ከበስተጀርባ እንዲበራ ተውኩት። ጨለማ ክፍል ውስጥ አንዲት ደማቅ ክብ ላይ አፍጥጦ መሥራት ዓይን ቀና ባለ ቁጥር ከብርሃን ወደ ጨለማ፣ ከጨለማ ወደ ብርሃን እየተመላለሰ እንዲታክት ያደርገዋል።

ከዚህ በኋላ ያሉት ትንንሽ ብልሃቶች በየጨርቁ ይለያያሉ። ነጭ በነጭ ላይ ስጠልፍ መብራቱን ዝቅ አድርጌ ከጎን በኩል ጨርቁን እንዲዳስስ አደርገዋለሁ፤ ያን ጊዜ እያንዳንዱ ክር ትንሽ ጥላ ስለሚጥል ከፍታና ዝቅታው ይታያል። በሙካሽ ስሠራ ደግሞ በተቃራኒው መብራቱን ራቅና ከፍ አደርገዋለሁ፤ ሙካሽ ብርሃኑን መልሶ ወደ ዓይን ስለሚረጭ ያጥበረብራል። ጥቁር ካባ ላይ መጥለፍ ግን ለብዙ ዓመት ያስለቀሰኝ ሥራ ነው። ጥቁር ጨርቅ ያረፈበትን ብርሃን ስለሚውጠው ላይ ያለውን መብራት ቢያበዙለት ለውጡ ጥቂት ነው። መፍትሔውን ያስተማሩኝ በረንዳ ላይ የሚሰፉ አንድ አዛውንት ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ከጨርቁ ሥር፣ ጭን ላይ፣ ነጭ ነጠላ አንጥፊ አሉኝ። እንዳሉት ባደርግ ከነጠላው የሚመለሰው ብርሃን በድርና ማጉ መካከል ሾልኮ ወደ ላይ ወጣ፤ ቀዳዳዎቹም አንድ በአንድ ተቆጠሩ።

የሐዋሳ ሰው ብቻ የሚረዳው አንድ ችግርም አለ። ዝናብ ባቆመበት ሰሞን ከሐይቁ በኩል የሚመጣው ትንኝ መብራት አይቶ ይጎርፋል፤ ነጭ ጨርቅ ላይ አርፎ በእጅ ሲጠረግ ይፈርጥና አረንጓዴ እድፍ ይተዋል። ሰማያዊ የሚበዛበት ነጭ መብራት ቢጫ ከሚያደላው ይልቅ ነፍሳትን ይጠራል፤ እኔ ወደ 6500 ያልሄድኩበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። በዚያ ሰሞን የበረንዳውን መብራት አብርቼ የሳሎኑን መጋረጃ እዘጋለሁ፤ ትንኙ ወደ ውጭው መብራት ሲሄድ እኔ በሰላም እጠልፋለሁ።

መብራት ሲጠፋ የምጠቀምበት የሚሞላ መብራት አለኝ። ብርሃኑ ለዓይን ይበቃል፣ ለቀለም ግን አይታመንም። ስለዚህ ለእንደዚያ ያለ ምሽት አንድ ቀለም ብቻ የሚፈልግ ሥራ፣ ዘርፍ መቀምቀም ወይም በጥቁር የተከበበ ቅርጽ መሙላት፣ ለብቻው አዘጋጅቼ አስቀምጣለሁ። ከዚህም አልፎ በሳምንቱ የሚያስፈልጉኝን ክሮች ሁሉ ቅዳሜ ጠዋት በረንዳ ላይ በቀን ብርሃን መርጬ፣ በየመርፌው ሰክቼ፣ ካርቶን ላይ በቅደም ተከተል እደረድራቸዋለሁ። ማታ የሚቀረኝ ማንሣት ብቻ ነው። በየሃያው ደቂቃም ተነሥቼ በሩን ከፍቼ ሩቅ ወዳለው የመንገድ መብራት ለጥቂት ጊዜ እመለከታለሁ፤ የዓይን ሐኪሞች ቢያንስ ስድስት ሜትር የሚርቅ ነገር ላይ ዓይንን ማሳረፍ ይመክራሉ፤ ሳሎናችን ደግሞ ያን ያህል ርዝመት የለውም።

ቀሚሱ ለሠርጉ ደረሰ። ወይን ጠጁ መስቀል ሁለቱም ክንፉ አንድ ቀለም ነበረው።

በጾሙ መካከል፣ አንድ እሑድ ከቀትር በኋላ፣ ሌላ እንዲሁ ያለ መብራት ገዝቼ ታቦር ተራራ ግርጌ ወንድሜ ዘንድ ወደምትኖረው እናቴ ሄድኩ። ጥልፍ እንድትጀምር ብዬ አይደለም፤ መጽሐፏንና ውዳሴ ማርያሟን እንድታነብበት ነው ብዬ ነው የሰጠኋት። መሽቶ ሲበራላት ግን ያነሣችው መጽሐፍ አልነበረም። ይርጋለም ሳለች ከመጋባቷ በፊት በኩራዝ የጠለፈችውን፣ እኛ ለእንግዳ እንኳ የማናወጣውን የትራስ ልብስ ከሣጥን አስወጣችና ከመብራቱ ሥር ዘረጋችው። መነጽሯን ከፍ ዝቅ እያደረገች ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያም በአውራ ጣቷ አንዱን አበባ ነካ አድርጋ «ይሄ ሁለት ቅጠል ቀዩ ሌላ ነው» አለች።

ጎንበስ ብዬ አየሁ። ከስድስቱ የአበባ ቅጠሎች ሁለቱ በእርግጥ ከቀሩት የተለዩ፣ ወደ ብርቱካን ያደሉ ነበሩ። «እማዬ፣ ታጥቦ ታጥቦ ለቆ ይሆናል» አልኳት።

«አይደለም። ክሩ አልቆብኝ ነው። ሠርግ ደርሶብን ማታ ነው የጨረስኩት፤ ከጎረቤት ተበድሬ።» ትንሽ ዝም ብላ ቆየችና እጇን ዘረጋች። «መቀስ አምጪልኝ።»

የሃምሳ ዓመት ሥራ መንካቱ ከብዶኝ አንገራገርኩ፤ እሷ ግን እጇን አላጠፈችም፣ ሰጠኋት። መብራቱን በራሷ እጅ አንገቱን አጥፋ ወደ ግራዋ ሳበችው፤ ማንም ሳይነግራት። የመቀሱን ጫፍ ከክሩ ሥር እያስገባች ድሩን አንድም ሳትነካ ሁለቱን ቅጠሎች ፈታቻቸው። ይህን ሁሉ ስታደርግ እጇ አልተንቀጠቀጠም፤ ዓይኔ ደከመም አላለችም።

የክር ሳጥኗን ይዤላት መጥቼ ስለነበር ከፍቼ ቀዮቹን ሁሉ ከፊቷ ደረደርኩላት፤ መብራቱ ቀለም በደንብ እንደሚያሳይም ነገርኳት። ወደ ክሮቹ አየችና ሳጥኑን መልሳ ከደነችው። ልጅ ሳለሁ በየጠዋቱ ክሮቿን ይዛ ደጃፍ ላይ ስትቀመጥ ፀሐይ ለመሞቅ ይመስለኝ እንደነበር ያስታወስኩት ያን ጊዜ ነው።

«ክርስ በማታ አይመረጥም» አለችኝ፤ «ነገ ጠዋት ነይ።» የትራስ ልብሱን ሁለት ቅጠል እንደጎደለው አጥፋ ጭኗ ላይ አስቀመጠችና መብራቱን እንዳላጠፋባት ነገረችኝ።